ጥይቱ ያረጃል፣ ዋጋው ይጎለምሳል

አሜሪካ ተቀምጠን በድሮ ጠመንጃ ዒላማ የምንመታ ሰዎች ስንገናኝ፣ ከሰላምታ ወደ እሮሮ ለመግባት ጊዜ አይፈጅብንም። በጠመንጃው አይደለም የምንማረረው። ኤም ዋን ጋራንድ ጦርነት አሳልፎ ዛሬም ይተኩሳል፤ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው አባቶቻችንም የታጠቁት እሱኑ ነበር። ያስቸገረን የሚጎርሰው ነገር ነው።

የአሜሪካ ጦር ለተኩስ ውድድር ብሎ ያሠራው ጥይት፣ በተለይ ሚዙሪ ካለው ከሌክ ሲቲ ፋብሪካ የወጣው፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ «ኤልሲ» እና የተሠራበት ዓመት፣ ከዚያም «ማች» (የውድድር) የሚል ተመትቶበታል። ኪሳችንን ያራቆተችው ይቺው የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሳጥኑ ላይ 1967 ይላል፤ ስትከፍተው ግማሹ የ67፣ ሌላው የ64፣ የቀረው ከተራ የጦር ሜዳ ጥይት የተለቀመ ነው። «የአባቴ ነው፣ ጓዳ ተቀምጦ የኖረ» ይልሃል ሻጩ። ጓዳ ይኑር፣ በየበጋው ቆርቆሮ ሥር ሲቀቀል ይኑር፣ ምስክር የለም። ደህና መሆኑን ማወቂያው መተኮስ ብቻ ነው፤ ተኩሰህ ደህና መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ጥይቱ የለም! ምላጩን ስበህ «ቀጭ» ብሎ ዝም ያለህ እንደሆነ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና አፈሙዙን ከዒላማው ሳትነቅል ትጠብቃለህ። በውድ ገዝቶ መሳቀቅ።

ፍራንክፈርድ የተባለው የፊላደልፊያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጥይትማ የባሰ ነው። ፋብሪካው እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ከሠራቸው የውድድር ጥይቶች አንዳንዶቹ መለኮሻቸው ሲነድ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይወጣም፤ ውኃ ይፈልጋል። ደክሞህ ቤት ገብተህ በነጋታው አጥባለሁ ካልክ ዝገቱ ይቀድምሃል። ይህ ፋብሪካ እኮ በ1921 ለብሔራዊው ውድድር አረሩን በቆርቆሮ ለብጦ ያቀረበ ነው፤ የቀድሞው ልባስ አፈሙዝ ላይ እየተጋገረ ስላስቸገረ፣ መላ መምታታቸው ነበር። ልባጡ ግን ከቀለሁ አንገት ጋር እየተጣበቀ አረሩ አልላቀቅ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ ተኳሹ እንደ ልማዱ ቅባት ሲጨምርበት ግፊቱ ጠመንጃ እስኪሰብር ወጣ። ዛሬ ያንን ሳጥን በክብር የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ያስቀምጡ፤ ብቻ አይተኩሱት።

ተኩስ ሜዳ ስትደርስ ደግሞ ኃላፊው ማግኔት ይዞ ይጠብቅሃል፤ ብረት ያለበት አረር አይፈቀድም። የጋራንድ ጥይት ግን ስምንት ስምንት ሆኖ የሚታሰረው በብረት ማቀፊያ ነው፣ ማግኔቱም ልጥፍ! አንድ በአንድ ፈተህ ታሳያለህ፣ መልሰህ ታስራለህ፤ ሰልፉ ከኋላህ ያጉረመርማል።

«አዲስ ገዝተህ አትገላገልም?» ይሉናል። ስንት ጊዜ እንደምንመልሰው! ለአደን የሚሸጠው ጥይት ብዙው ባሩዱ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ ጋዙ የጋራንድን ዘንግ ሊያጎብጥ ይችላል። ለጋራንድ ተብሎ የሚሠራ አለ፤ እሱ ደግሞ ስንፈልገው መደርደሪያው ባዶ ነው።