የማይሰበረው

አቶ ኤርሚያስ አመልጋ የጀመሩት ሃይላንድ ውሃ ስሙን እስከ ሩቅ ገጠሩ ሰሃላ ድረስ ተክሏል፤ የየትኛውም ፋብሪካ ባዶ ፕላስቲክ ይሁን፣ እረኛው ውሃ፣ እናቱ ዘይት የሚይዙበት ያው «ሃይላንድ» ነው። እኚሁ ሰው ያቋቋሙት አክሰስ ሪል ስቴት ግን ከ2 ሺህ ከሚበልጡ ቤት ገዢዎች ገንዘብ ተቀብሎ፣ ቤቱን እዚያው አዲስ አበባ ማድረስ አቃተው። የሕይወት ታሪካቸው «የማይሰበረው» ተብሎ ታትሟል፤ ልክ ነው፣ ያልተገነባ ነገር በምን ይሰበራል?

«ዘመን ባንክንም መሥርተዋል፤ በ2005 ዓ.ም. ከአገር ቢወጡም ተመልሰዋል፤ ያሰናከላቸው የመሬት ቢሮክራሲው ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። መመለሳቸውስ እውነትም ብርቅ ነው። ግን የመሬቱን ጣጣ ከገዢው ይልቅ ሻጩ ያውቀው የለ? ደግሞ ፍርዳችን! ባለሀብቱ ሲከስር «ደፋር ነጋዴ»፣ ቁጠባውን ያስረከበው ሰው ሲከስር «ሳያጣራ የገዛ»።