እመት ካፓሲተርና የበሩ ዘበኞች

ከጣት ጥፍር በማትበልጥ የሲሊከን ከተማ ውስጥ እመት ካፓሲተር የምትባል ባለጎተራ ነበረች። ቤቷ በኃይሉ መንገድና በመሬት መካከል ነው። ትራንዚስተሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ለሥራ ሲነሡ መንገዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ያሽቆለቁላል፤ ያን ጊዜ ከጎተራዋ እየዘገነች ትሰጣቸዋለች፤ ሲረጋጉ መልሳ ትሞላለች። የጎተራዋ ግድግዳ 2 ናኖሜትር የማይሞላ ኦክሳይድ ነበር። ግድግዳው በሳሳ ቁጥር ብዙ ትይዛለችና፣ ለጎረቤት የምትተርፈው በመሳሳቷ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ መጠበቅ ያለበት ሌላው ነው።

በከተማዋ ዳርቻ፣ ከፒኖቹ ሥር፣ አያ ዳዮድና አያ ክላምፕ ዘብ ይቆማሉ። በደኅናው ቀን ሥራ የላቸውም፤ ሰፊ መሬት ግን ይዘዋል። ሸንጎው በተሰበሰበ ቁጥር ስለነሱ ያጉረመርማል።

አንድ ደረቅ ቀን ምንጣፍ ላይ ሲራመድ የቆየ ሰው በጣቱ ፒን ነካ። ገላው ላይ የተጠራቀመው 2000 ቮልት ነበር። ሰውየው ምንም አልተሰማው፤ የሰው ጣት ብልጭታውን የሚያውቀው ወደ 3000 ቮልት ሲጠጋ ነው። ወደ ከተማዋ ግን 1.3 አምፔር የሚሆን ጅረት ተወረወረ። አያ ዳዮድ ተቀብሎ ወደ ኃይሉ መንገድ መራው። አያ ክላምፕ አመጣጡን አይቶ የሚለይ ነው፦ ከተማዋ በወጉ ስትበራ ኃይሉ በሚሊሰከንድ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ይህ ግን በ10 ናኖሰከንድ ደርሷል። ወዲያው ደጁን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጅረቱን ወደ መሬት አወረደው። እመት ካፓሲተር የደረሳት ጥቂት ቮልት ብቻ ነበር። ሸንጎው ዘበኞቹን አመሰገነ፤ ከተማዋም አርፋ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ራሷ በፋብሪካ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እየተንሸራተተች ተጓዘች። ፍትጊያው ቻርጅ ሞላባት። የሁሉም ቤት ቮልቴጅ እኩል ከፍ ስላለ ማንም ምንም አላወቀም። ቂምም በሁሉ ቤት እኩል ሲያድር አገር ሰላም ይመስላል።

ቱቦው ሲያልቅ አንዷ ፒን ብረት ነካች። የከተማዋ ቻርጅ ሁሉ 1 ናኖሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ወደዚያች በር ተንጋጋ። አያ ክላምፕ ዳር ነበር፤ እመት ካፓሲተር መሃል ከተማ። በመካከላቸው ያለው ረጅም ቀጭን መንገድ ያን ሁሉ ጅረት መሸከም አቅቶት ቮልቴጁ እሷ ላይ ተቆለለ። ግድግዳዋ ተበሳ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጎተራዋ መያዝ ተሳነው፤ የኃይሉ መንገድ በቀዳዳዋ በኩል ቀን ከሌት ወደ መሬት ይፈስ ጀመር፤ ስትመግባቸው የኖሩት ጎረቤቶቿም ደከሙ።

ሸንጎው ተሰበሰበ። ብዙዎቹ የበሩ ዘብ እጥፍ ይሁን አሉ። ያኔ አባ ሬዚስተር ተነሡ።

«ልጆቼ፣ እሷን የበሳት ከውጭ የገባ አይደለም። እያንዳንዳችን ቤት ያደረው ነው ባንድ ጊዜ የወጣው። ዘብ በየሰፈሩ ይቁም፣ ከጎተራዎቹ አጠገብ። እኔም በእህቶቿ ደጃፍ እቆማለሁ፤ ድንገተኛው ጅረት እኔን ሳያልፍ አይደርስባቸውም።»

ከእህቶቿ አንዷ፣ «አባ፣ እርስዎ ደጃፋችን ላይ ከቆሙ ለጎረቤት ፈጥነን መድረስ ያቅተናል» አለች።

«እውነት ነው፤ ትዘገያላችሁ። ስለዚህ በልክ ነው የምቆመው። ልኩን ግን የሚናገሩት ጠባቂዎቹ ሳይሆኑ ተቀባዮቹ ናቸው።»

ትራንዚስተሮቹ እርስ በርስ ተመካከሩ። የሚጣደፉት አጥብቀው ተከራከሩ፤ በኋላ ምን ያህል መታገሥ እንደሚችሉ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ አባ ሬዚስተርም በዚያው ልክ ቆሙ።

የቀረው የመሬቱ ነገር ነበር። ለአዲሶቹ ዘበኞች ከማን ይቆረስ? ትንንሾቹ ቤቶች አንገታቸውን ደፉ። ከከተማዋ ሰፊውን መሬት የያዘው አያ ሜሞሪ ነው፤ የመለኪያው ገመድ መጀመሪያ የተጣለው በእሱ ግቢ ውስጥ ነው።