በርበሬ የተሰጣበት ደጅ

ጥጤን አቅፌ ለገና ፍኖተ ሰላም ስገባ አክስቴ ገና ከበሩ «ኧረ ልጄ፣ ይኸ ደግሞ ውሻ ነው ግልገል?» አለችኝ። ጥጤ ማልቲዝ ናት፤ ነጭ፣ ፀጉሯ መሬት የሚጠርግ፣ ክብደቷ 4 ኪሎ የማይሞላ። እኅቴ ውጭ አገር ስትሄድ አደራ ብላ የሰጠችኝ ናት። በአክስቴ ግቢ ውሻ ደጅ አድሮ ጅብና ሌባ ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። ጎረቤታችን አዛውንት ግን «ጃንሆይስ ቢሆኑ ትንሿን ውሻቸውን ሉሉን ደጅ ያሳድሩ ነበር?» ብለው አማለዱን።

በማግሥቱ በቡሬ መንገድ ገጠር ወዳሉ ዘመዶቻችን ሄድን። ቡሬ የበርበሬ አገር ነው፤ ወቅቱ ደርሶ በየደጁ ተሰጥቷል። ጥጤ ዶሮ አየችና ከእቅፌ ዘላ በርበሬው መሐል ገባች።

ማልቲዝ የውስጥ ፀጉር የላትም። ያላት እንደ ሰው ፀጉር የሚያድግ ለስላሳ ሐር ብቻ ነው፤ ብዙም አይረግፍም፣ የያዘውንም አይለቅም። ብናኙ እስከ ቆዳዋ ዘለቀ። መዳፏን ስትልስ ምላሷ ነደደ፣ ዓይኗን ስታሽ ባሰባት፤ ጩኸቷ አንጀት ይበላ ነበር። ልጆቹ ውሃ ሊደፉባት ሲሮጡ የቤቱ እመቤት ከለከለቻቸው፦ «ቆዩ! እኔ በርበሬ ቀንጥሼ እጄ ሲያቃጥለኝ መጀመሪያ ዘይት ነው የምቀባው።» ልክ ናት፤ የበርበሬ ማቃጠል በዘይት እንጂ በውሃ አይለቅም። መዳፏን በኑግ ዘይት አሽተን በሳሙና አጠብናት፤ ዓይኗን ግን በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ደጋግመን።

ሌላው ጣጣ ጨጎጎት ነው። ከመስክ የለቀመችው በብብቷና በሆዷ ሥር ተቋጥሮ ነበር፤ ሳይፈታ የታጠበ ፀጉር ደግሞ ሲደርቅ ይከርራል። ቆዳዋ እንዳይሳብ የፀጉሩን ሥር በሁለት ጣት ይዤ፣ ከጫፉ ጀምሬ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ኩራዝ እስኪበራ ድረስ ጭኔ ላይ ተኝታ ታገሠችኝ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ አክስቴ በጥጤ የደረሰውን ስትሰማ አዘነችላትና ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ አቀረበችላት። ቸርነቷን መመለስ ከበደኝ፤ ግን ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ ለትንሽ ውሻ ደግሞ ትንሹም ይበዛል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ይህን ስነግራት ቅር አላላትም፤ ቅመም ያልነካው ሥጋ ቀቅላ፣ አጥንቱን ለይታ ሰጠቻት። ያን ሌሊት ጥጤ ያደረችው በአክስቴ አልጋ ግርጌ ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስን ፀጉሯን አሳጠርኩት። እኅቴ ፎቶዋን አይታ ቅር አላት፤ እኔ ግን እንዲህ ይሻላታል ባይ ነኝ። በየቀኑ ለማበጠር ጊዜ የሌላችሁ፣ እባካችሁ ለመልኳ ብላችሁ ማልቲዝ አትግዙ፤ ከገዛችሁም ፀጉሯን አሳጥራችሁ ያዟት።