አፉ ይህን የሚያህል ዓሣ ምን ማታለል ያስፈልገዋል?

ቨርጂኒያ የሚኖረው ልጄ ጋራዥ አለው፤ መኪናው ግን ውጭ ያድራል። ጋራዡን የያዙት የባስ ማጥመጃዎች ናቸው። ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሯል፤ በየሣጥኑ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የተሳለለት፣ ሆዱ ውስጥ የሚንኳኳ ኳስ ያለው ፕላስቲክ ሞልቷል። «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ብቻ ናቸው፤ የሚሰምጡት ሌላ ቦታ ነው ያሉት» ይለኛል፣ የሚያጽናናኝ መስሎት። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ መውጣቱን ይተዋል። ስለዚህ በረዶው እስኪያልፍ ማጥመጃዎቹ ጣራ ሥር ይተኛሉ፤ መኪናውን እኛ እንጠርጋለን።

ባስ ለማታውቁት፣ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ የሞላ፣ አፉን ሲከፍት ቡጢዬን የሚያስገባ አረንጓዴ ዓሣ ነው። እንቁራሪት ይበላል፣ የዳክዬ ጫጩት ይበላል፣ የገዛ ልጆቹንም አይምርም። እንዲህ ላለ ሆዳም ምን ምርጫ ያስፈልጋል? ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግን ልጆች መንጠቆ ላይ ትል ሰክተን ቆሮሶ እናወጣ ነበር። ትሉን ቀለም የቀባው ማንም የለም።

ልጄ ሳልጠይቀው ያስተምረኛል። ዛራ ስፑክ የሚሉት ድፍን እንጨት መሳይ ነገር በዘንጉ ጫፍ ነካ ነካ ሲደረግ ግራና ቀኝ ይላል። አፉ ጎድጎድ ያለው ፖፐር ውሃውን ገፍቶ ቡልቅ ያሰኛል። ጂተርበግ ደግሞ ፊቱ ላይ ባለው ሰፊ ብረት እየተንገዳገደ ይንቦጫረቃል፤ ለጨለማ ነው አሉ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለና እሱን እወደዋለሁ፤ በዕድሜ ይበልጠኛል።

ቀለሙ ነው የሚያናድደኝ። ዓሣው ከታች ሆኖ ሲያይ የሚታየው የማጥመጃው ሆድ ብቻ ነው። ታዲያ ጀርባው ላይ ያ ሁሉ ነጠብጣብና ወርቅማ መስመር ለማን ተሳለ? ለገዢው ነዋ!

ክሩም ጣጣ አለው። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ስለሚሰምጥ የማጥመጃውን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትታል፤ ናይሎን ይሻላል። ከጎማ ለተሠራችው የእንቁራሪት ማጥመጃ ግን 50 ወይም 65 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር ይፈለጋል፤ ሦስት ፓውንድ ለማይሞላ ዓሣ! «ለዓሣው ሳይሆን ለሣሩ ነው» ይላል ልጄ። እሺ፣ ይቺ እንኳ እውነት ናት፤ የተያዘ ባስ ሣር ውስጥ ገብቶ ሲጠመጠም አይቻለሁ። ለየክሩ አንድ አንድ ዘንግ መግዛት ግን የማን ትእዛዝ ነው?

ደግሞ ምክሩ! «እንቁራሪቷን ሲውጣት ወዲያው አትጎትት፣ ክብደቱ እስኪሰማህ ታገሥ።» ውሃው በፈነዳ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚጎትተው መካሪው ራሱ ነው፤ እንቁራሪቷም በጆሮዬ ሥር እያፏጨች ታልፋለች።

ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ወጣት ገበሬ በ1932 እ.ኤ.አ. 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሚመዝን ባስ አወጣ፤ አሥር ኪሎ ያልፋል። እስከ ዛሬ በክብደት የተስተካከለው አንድ ጃፓናዊ ብቻ ነው። ፔሪና ጓደኛው በዚያ ቀን የነበራቸው ማጥመጃ አንድ ብቻ ነበር ይባላል። ዓሣውንስ? ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር በላው! ይህን ባነሳሁ ቁጥር ልጄ ፊቱ ይጠቁራል። እሱ ያጠመደውን መዝኖ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ምንም ሳይቀረው ይለቀዋል። እኔ ሚጥሚጣዬን ይዤ ጀልባው ላይ ተቀምጬ!

በቀደም ግን እንቁራሪቷን የዋጠው ስኔክሄድ ሆኖ ተገኘ፤ ከእስያ መጥቶ ወንዙን የወረረው። ይህንንማ መንግሥት ራሱ ግደሉት ይላል፤ ዕድሜ ይስጠው። ሥጋው ነጭና ጠጣር ነው። በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት፤ ያ ዓሣ ሲሞት ማየት የማይችለው ልጄ ደጋግሞ ጨመረ። ጣቱን ጠርጎ ሲያበቃም «አባዬ፣ የእንቁራሪቷን እግር በጥሶታል፤ ነገ ሱቅ እንሄዳለን» አለኝ። ሄድን። ሦስት ገዛ፣ ሦስቱም ጀርባቸው የተለያየ፣ ሆዳቸው ነጭ።