ማቶት የሌለው ጀበና

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ "ልጁ ምን ይማራል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው "ኮምፒዩተር" ካልኩ ረክቶ ያልፋል። "ካርቱን ይሠራል" ካልኩ ግን ለቅሶ የመጣ ይመስል አንገቱን ይነቀንቃል። ክብሩን ያወቁለት የሰፈሩ ሕፃናት ብቻ ናቸው። "ጸሐይን አንተ ነህ የሠራሃት?" ይሉታል፤ በቴሌቪዥን "መማር ትወዳለች" የምትባለውን ቀጭኔ ማለታቸው ነው። እሱም አይክድም፣ አያምንምም፤ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

የእህቴ ልጅ ነው፣ የሚኖረውም ከእኛ ጋር። ቀን ኮሌጁን ይማራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ሞዴሊንግና አኒሜሽን ራሱን ያስተምራል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ነፃ የወጣበት ታሪክ ደግሞ እድር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሶፍትዌሩ ኩባንያ ተዘግቶ ሳለ፣ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ለባለሀብቶቹ 100,000 ዩሮ ከፍሎ ኮዱን ለማስለቀቅ መዋጮ ጠራ፤ በሰባት ሳምንት ሞላ። በዚሁ መሣሪያ የተሠራው የላትቪያው የድመት ፊልም "ፍሎው" በ2025 ኦስካር ወሰደ። ይህን ለእናቴ ብነግራት "ድመቷ ምን አገኘች?" አለችኝ።

ብሌንደር የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገባው በአንድ በር ነው፤ የአውስትራሊያዊው አንድሩ ፕራይስ የዶናት ትምህርት። የእኛም ልጅ ገባ። ስንት ማታ አምሽቶ፣ ከላዩ ክሬም የፈሰሰበት፣ ከረሜላ የተነሰነሰበት ዶናት አወጣና ለአያቱ አሳየ። "አንተ ልጅ፣ መብራት የምታስቆጥርብኝ ለዚህ ነው? ቦምቦሊኖ እኮ ማዶ ካለው ካፌ ይሸጣል" አለችው።

ልጁ ሙያውን ለመከላከል የሻይ ማንቆርቆሪያ ታሪክ አመጣ። በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርቲን ኒዌል ለኮምፒዩተር የሚሆን ቅርጽ ሲያጣ፣ ሚስቱ የቤታቸውን የሻይ ዕቃ ለምን አትሠራም አለችው። ሠራው፣ የቅርጹን ቁጥሮች ለባልደረቦቹ ሰጠ፤ ማንቆርቆሪያው ከዚያ ወዲህ የሙያው ሁሉ መሞከሪያ ሆኖ ቀረ። "ሲጀመር ግን ታች አልነበረውም" ብሎ ጨመረ፤ ባይጨምር ይሻለው ነበር። "ታዲያ ሻዩ ምን ላይ ሊቆም?" አለች እናቴ። "ከሠራህ አይቀር ጀበና ሥራ። ጅማ ተቀምጠህ ሻይ ታወራለህ እንዴ?"

ጀበናው እንዲህ ተጀመረ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የጎኑን ቅርጽ በመስመር ይስላል፣ ኮምፒዩተሩ ዙሪያውን አዙሮ ሆድና አንገት ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ነው መከራው። እናቴ ከኋላው በርጩማ ስባ ተቀምጣ "አንገቱ ረዘመ፤ ይሄ የአበባ ማስቀመጫ ነው"፣ "እጀታው ጣት አያስገባም"፣ "አዲስ ሸክላ እንዲህ አያብረቀርቅም" ትለዋለች። ክፍያ ሳትጠይቅ እንዲህ የምታርም መምህር በየትኛውም ኮሌጅ አትገኝም፤ ተማሪም እንዲህ የሚፈራት።

ሁሉ ካማረ በኋላ የመሬት ስበትን የሚያስመስለውን መሣሪያ ከፈተ። ጀበናው ዘንበል አለ፣ ተንከባለለ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ከስክሪኑ ጠፋ። ልጁ ቅንብሮቹን እያገላበጠ ሲፈልግ ያመሻል ብዬ ነበር። እናቴ ቀና ሳትል "ማቶት አላደረግክለትማ" አለች።

እውነቷን ነው፤ ታቹ ድቡልቡል ነው፣ በምን ይቁም? ልጁ ዝም ብሎ ያንን የተናቀ የዶናት ፋይል ከፈተ። ክሬሙን ገፈፈ፣ ከረሜላውን አራገፈ፣ ቀለበቱን ጠፍጠፍ አድርጎ የስንደዶ መልክ ቀባው። ጀበናው ቁጭ አለ። እኔ በበኩሌ ተምሯል ያልኩት ያን ዕለት ነው።

ቀጥሎ መቅዳት መጣ። መጀመሪያ ቡናው በሲኒው ግድግዳ ሰርጎ ረከቦቱን አጥለቀለቀው። ሲኒው ለዓይን ሲኒ ቢሆንም ውፍረት የሚባል ነገር አልነበረውምና። ውፍረት ተሰጠው። አሁን ደግሞ ሬንደር፤ ኮምፒዩተሩ የተሠራውን ምስል በምስል አስልቶ ማውጣቱ ማለት ነው። ለአንድ ሴኮንድ 24 ምስል፣ ለ10 ሴኮንድ 240፤ በእኛ ላፕቶፕ አንዱ ምስል አምስት ደቂቃ ከፈጀ 20 ሰዓት ማለት ነው። መብራት ሳይጠፋ 20 ሰዓት! ስለዚህ ልጁ ቪዲዮ አድርጎ አያወጣም፤ እያንዳንዱን ምስል ለብቻ ያስቀምጣል፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌላ አገር እንደ ጥሩ ልማድ የሚመከረው፣ እዚህ ሕግ ነው።

አለቀና አየነው። ቡናው ከጀበናው ወረደ፣ ሲኒው ሞላ። እናቴ ጠበቀች።

"ይሄ አቦሉ ነው። ቶናውስ? በረካውስ? እንግዳ ጠርቶ በአቦል በሚያሰናብት ቤት አላሳደግኩህም።"

"ጋሼ፣ ሌላ 40 ሰዓት ነው እኮ" አለ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ።

አሁን ጄኔሬተር ካለው ጎረቤታችን ፀጉር ቤት ጋር ድርድር ላይ ነኝ። ባለቤቱ ገንዘብ አልፈልግም፣ ከጀበናው ጀርባ የቤቴ ታፔላ ይታይልኝ ብሏል። እናቴ ደግሞ ቡና በሚቀዳበት ፀጉር አይነሣም ብላለች።