አራቱ ‹ፒ›ዎች ሶዶ ገቡ

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ገበያ ተገኘ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ቅቤውን፣ ቦሎቄውን፣ ስኳር ድንቹንና ዝንጅብሉን ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው በድፍረት ብቻ እንደነበረ አሁን ታውቋል። ከምኒልክ ዘመቻ በፊት፣ በወላይታ ነገሥታት በካዎዎቹ ዘመን፣ ማርጩዋ የተባለውን የብረት ገንዘብ ይዞ ገበያ ይወጣ የነበረው ሰው ስለ «ዒላማ ደንበኛ» አንዲት ቪዲዮ እንኳ ሳያይ እንዴት ተገበያይቶ በሰላም ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይድረሱበት። ያ የጨለማ ዘመን አለፈ። የዛሬው የወላይታ ሶዶ ወጣት የኢንተርኔት ጥቅሉን ገዝቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «የማርኬቲንግ መርሆች፦ መግቢያ» የሚል የኦንላይን ኮርስ ይከፍታል። ከውጭ የሚሰማው የገበያ ጫጫታ ስለ ገበያ የሚሰጠውን ትምህርት እንዳይረብሸው መስኮቱን መዝጋት ግን አይርሳ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ነበር የምናውቀው፤ አሁን ልጁ ስለ ውሃ በእንግሊዝኛ ተምሮ ሰርተፍኬት ይወስዳል።

ትምህርቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያ «ያስፈልገኛል» እና «አማረኝ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይገለጻል፤ ይህ ለሦስት ዓመት ሕፃን እናት አዲስ ግኝት ባይሆንም ፈተና አለው። ከዚያ ገበያን መከፋፈል፣ ዒላማን መምረጥና በደንበኛ ልብ ውስጥ ቦታ መያዝ ይመጣሉ። ከዚያ ደግሞ የትምህርቱ ጽላት፣ አራቱ ‹ፒ›ዎች ይወጣሉ፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ። ጀሮም ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1960 በመማሪያ መጽሐፉ አሰለፋቸው፤ ፊሊፕ ኮትለር ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ደጋግሞ በታተመው መጽሐፉ ዓለምን አዳረሰባቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፏል፤ ጡረታ ግን አልወጡም። ጭንቁ በአማርኛም ሆነ በወላይትኛ ሲተረጎሙ የመጀመሪያ ፊደላቸው አለመግጠሙ ነው። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ የሚሸመድደው የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው፤ ገበያው ይደርሳል።

እስቲ አራቱን ይዘን ጉልት እንውረድ። ምርት? ባለ ጉልቷ ዝንጅብሏን አራግፋ፣ ደህና ደህናውን ከላይ አድርጋ፣ በመደብ በመደብ ደርድራዋለች። ቦታ? ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ በዳውሮ በኩልም ከጅማ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አውቶቡስ የት እንደሚቆም፣ ተሳፋሪውም በየትኛው መስኮት አንገቱን እንደሚያወጣ የሚያውቅ ልጅ «የስርጭት መስመር» የሚለው ምዕራፍ አያስደነግጠውም። ሱቅ በደረቴውን አንግቶ አዲስ አበባ የዘለቀው ታላቅ ወንድሙማ መደብሩን ደረቱ ላይ ተሸክሞ ደንበኛውን ካለበት ድረስ ይከተላል። ማስተዋወቅ? «መርቂልኝ» ላለ ሁሉ አንድ ራስ ዝንጅብል ይጨመርለታል። የውጭ ኩባንያዎች ይህን ምርቃት በፕላስቲክ ካርድ አድርገው «የደንበኛ ታማኝነት መርሐ ግብር» ብለውታል። ለነገሩ «ደንበኛ» የሚለውን ቃላችንን ልብ በሉት፤ ሻጭ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይላል፣ ገዢም ሻጩን እንዲሁ። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለውን የሁለትዮሽ መተማመን ለማስረዳት ኮርሱ ስንት ስላይድ እንደሚፈጅበት መገመት አያቅትም።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ይቀንሳል። ኮርሱ ዋጋ የሚወጣባቸውን ስልቶች ይዘረዝራል፤ ወጪ ላይ ትርፍ ደምሮ መሸጥ፣ ከተፎካካሪ ጋር አስተያይቶ መሸጥ፣ ገዢው በልቡ በያዘው ግምት ልክ መሸጥ፣ 100 ከማለት 99 ማለት። ስልቶቹ ይለያያሉ፤ አንድ ነገር ግን ሁሉም ሳይጠይቁ ተቀብለውታል፤ ዋጋ የሚቆርጠው ሻጩ ነው። ይህ ለወላይታ ገበሬ ትልቅ ዜና ነው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ፣ ዋጋ ቆርጦ እህሉን ይረከበው ነበር፤ ያ አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ዘለቀ። ኮታው ሲነሳ ገበያው ነፃ ወጣ ተባለ፤ ገበሬው ግን መሬቱ በአብዛኛው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ፣ ጎተራው ጠባብ፣ የማዳበሪያ ዕዳው ቀን የተቆረጠለት ሆኖ ቀረ። አዝመራ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይዞ ይወጣል፤ ሰብሳቢው ለደላላው፣ ደላላው ለባለ አይሱዙው፣ ባለ አይሱዙው አዲስ አበባ ላለው ነጋዴ ደውሎ ዋጋው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ገበሬው ጋ ሲደርስ የቀረው ምርጫ ሸጦ መግባት ወይም ተሸክሞ መመለስ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ዋጋህን በስልት አውጣ» ማለት ባርኔጣ ለሌለው ሰው ባርኔጣ የማንሳት ሥርዓት እንደማስተማር ነው።

ዝንጅብሉም ቢሆን የራሱ ምስክርነት አለው። በወላይታ፣ በቦሎሶ ቦምቤና በአጎራባች ወረዳዎች ዝንጅብል ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገባና ማሳውን ጠረገው። የኮርሱ ተማሪ ይህን በየትኛው ‹ፒ› ስር እንደሚያስገባው ማወቅ ደስ ይለኛል። ምናልባት ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድልና ስጋት በሚባሉት አራት ሳጥኖች ውስጥ «ስጋት» ከሚለው ስር በአንድ መስመር ያሰፍረዋል፤ ሳጥኗም ነጥብ ታስገኝለታለች። ንጹሕ የዝንጅብል ዘር ማን ያቀርባል፣ የተጎዳውን ማን ይክሳል፣ አርሶ አደሩ እስኪያገግም ገበያውን ማን ይይዘዋል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከምርጫ ፈተናው ውጭ ናቸው።

ኮርሱ ምሳሌ አያጣም። ከሚወዳቸው አንዱ ስታርባክስ ነው፤ ቡናን ሳይሆን «ከቤትና ከሥራ ቀጥሎ ሦስተኛውን ቦታ» የሸጠ ኩባንያ እየተባለ ይወደሳል። ተማሪያችንም በአድናቆት ይጽፋል። ከዚሁ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ ግን ከስላይዱ ላይ ወድቋል፤ ያ ታሪክ የእኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቷ አማካይነት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀች። ስታርባክስ ቀድሞ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የምርት ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ማኅበርም የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ተስማሙ። ሲዳማ ለወላይታ ጎረቤት ነው። አንድ የሶዶ ተማሪ ስለ ምርት ስም ሊማር የሚችለው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ባልራቀ አገር ስም ላይ ተፈጽሞ ሳለ፣ እሱ የስታርባክስን ካፌ ወንበር ምቾት ያጠናል።

ስም ካነሳን አይቀር ወላይታ ራሱ ስም ነው። በደቡብ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀ «ሬድ ወላይታ» የሚባል ቀይ የቦሎቄ ዝርያ አለ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ የዱንጉዛ ልብስ ከርቀት ይለያል። ዳጣ የተባለው የቃሪያ ማባያ በጠርሙስ ታሽጎ ገበያ ወጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የወላይታን ስም ከፍ አድርጎ የሰቀለ ሥጋ ቤት ማግኘት አያቸግርም። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት ስሙ ያለ አንዳች የማስታወቂያ በጀት ካይሮ ገብቷል። እንግዲህ ኮርሱ «የምርት ስም ገንቡ» ሲል ተማሪያችን የሚገነባው ምንድን ነው? ስሙ ተገንብቶ አልቋል። ያልተሠራው የስሙን ፍሬ ወደ ባለቤቱ የሚመልሰው መንገድ ነው። ቁርጥ ሥጋው የወላይታ፣ ቁርጥ ዋጋው የሌላ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ሌላ አርማ መንደፍ የግድግዳ ጌጥ መጨመር ነው።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ዕውቀት አገር የለውም» የሚል ነው። እስማማለሁ፤ ምሳሌ ግን አገር አለው፤ ምሳሌው ያልገባው ዕውቀት ደግሞ ሽምደዳ ነው። ገዢን በዓይነቱ ለይቶ ማሰብ ጥሩ ነገር ነው፤ ዳጣን በጠርሙስ ያሸገ ሰው ሳያውቀው ያደረገው እሱን ነው። ክርክሬ ከመርሁ ጋር አይደለም፤ መርሁን በሌላ አገር ኩባንያ ልክ ሰፍቶ እዚህ ላለው ሰው «ሰውነትህን አስተካክል» ከሚለው ልማድ ጋር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ነፃ ነው፣ ምን ከሰረ?» የሚል ነው። ከታወቁት የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርሶች አንዱ፣ የጉግሉ፣ 26 ክፍሎችና 40 ሰዓት ያህል ነበረው። የ40 ሰዓት ቪዲዮ የሚበላውን የኢንተርኔት ጥቅል የሚከፍለው ወላጅ «ነፃ» የሚለውን ቃል በራሱ ዋጋ ያውቀዋል። የሃርቫርድንና የኤም አይ ቲን የኦንላይን ኮርሶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ከተመዘገቡት ውስጥ የጨረሱት በ2017-18 ወደ 3 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። ኮርሱ ስለ ደንበኛ እርካታ ሲያስተምር ከ100 ደንበኞቹ 97ቱ ያህል ተነስተው ሄደዋል፤ ይህን ያህል ደንበኛ የሚያጣ ባለ ጉልት በሁለተኛው ገበያ ቀን አይገኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ላሾፍበትም አልፈልግም። «ሥራ የለም፤ ሰርተፍኬቱ በር ይከፍታል» ይላል። ዲግሪውን ይዞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣውን የመውጫ ፈተና አልፎ፣ አሁንም ቤቱ የተቀመጠ ወጣት የሚያገኘውን ወረቀት ሁሉ ቢሰበስብ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ቀጣሪው ነው። ወላይታን ለሚያውቅ ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ወላይታን የማያውቅ ወረቀት «ይመረጣል» ብሎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ራሱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አላነበበም፤ ደንበኛህን እወቅ ይላልና። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው ወተቷን አለማየቱን ቢያንስ ያምን ነበር፤ እኛ ላሟን በፒዲኤፍ አውርደን ወተቷን ከቀጣሪው እየጠበቅን ነው።

ታዲያ ምን ይጠና? ሁምቦ ቅርብ ነው። በዚያ የተራቆተ ተራራ 2,728 ሄክታር ደን እንዲያገግም የአካባቢው ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ ከዎርልድ ቪዥን ጋር ሠርተው ዛፎቹ የሚያምቁትን ካርቦን ለዓለም ባንክ ፈንድ በውል ሸጡ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመዘገብ በአፍሪካ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በዓይን የማይታይ፣ በሚዛን የማይሰፈር ነገር ተሸጠ ማለት ነው። ይህን የሚያህል የማርኬቲንግ ታሪክ ከሶዶ ወጣ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ስለ ስፖርት ጫማ ማስታወቂያ ድርሰት መጻፍ የተለየ ተሰጥኦ ይጠይቃል። የሁምቦው ገበሬ ለብቻው ቆሞ አልሸጠም፤ ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ በውል ሸጠ። ኮርሱ ውስጥ ለመደራጀት የተሰጠ ‹ፒ› የለም።

እናንተ ፈተና የምታወጡ መምህራን፣ እናንተም ሰርተፍኬት የምትጠይቁ ቀጣሪዎች፣ አንዲት ልመና አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ከምርጫ ጥያቄዎቹ አንዱን ሰርዙና በምትኩ ይህን አስገቡ፤ «ቦዲቲ ወይም አረካ ገበያ ውረድ፤ አንድ ጣሳ ቦሎቄ ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቅ፤ ዋጋውን ማን እንደቆረጠው፣ መቼና በማን ስልክ እንደቆረጠው ተከታትለህ ጻፍ።» ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ይበቃል።