ድሉን በማን ስም ነው የምትጽፉት?

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቤዝቦል የምንከታተል ሐበሾች ከእግር ኳሱ ወገን ጋር ስንተያይ ጥቂት ነን። ያለነው ግን በአንድ ነገር እንግባባለን፤ ከወርዋሪው ስም ጎን የሚለጠፈው የ“አሸነፈ፣ ተሸነፈ” ቁጥር አንገሽግሾናል። ጨዋታው ሳይጀመር እሱ፣ ሲያልቅም እሱ። የሚያሸንፈው እኮ ቡድን ነው! ያ ሁሉ ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ጨዋታ ለአንድ ሰው ቆርሶ መስጠት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ሕጉን ላስታውስ። ጨዋታውን የጀመረ ወርዋሪ ድል እንዲቆጠርለት ቢያንስ 5 ኢኒንግ መጨረስ አለበት፤ ሲወጣ ቡድኑ መምራት አለበት፤ ከእሱ በኋላ የሚገቡትም መሪነቱን እስከ መጨረሻው ሳያስነጥቁ መጠበቅ አለባቸው። የእሱ ሥራ ተጋጣሚ ነጥብ እንዳያገባ መከልከል ነው፤ ነጥብ ማግባት የመቺዎቹ ድርሻ ነው። ይባስ ብሎ ተቀይሮ የገባ ወርዋሪ መሪነቱን አስነጥቆ መቺዎቹ ወዲያው ቢያስመልሱለት፣ ብዙ ጊዜ ድሉ የሚጻፈው በእሱ ስም ነው። ያበላሸው እሱ፣ የሚመሰገነው እሱ፤ ስድስት ሰባት ኢኒንግ የለፋው ሰው ግን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የ2018ቱን ጄከብ ዲግሮምን ተመልከቱ። ለኒውዮርክ ሜትስ 217 ኢኒንግ ወረወረ፣ 269 መቺዎችን በስትራይክአውት አሰናበተ፣ የተከላካዮች ስህተት ያመጣቸው ሳይቆጠሩ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት። መዝገቡ 10 ድል፣ 9 ሽንፈት ይላል! በዚያው ዓመት የእኛው የዋሽንግተኑ ማክስ ሸርዘር በ2.53 አማካይ 18 ድል ተጻፈለት። ሸርዘርን ከማንም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ የዚያን ዓመት ግን ዲግሮም ይበልጠው ነበር፣ ይህን ለመካድ አፌ አይደፍርም። ደግነቱ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠው የሳይ ያንግ ሽልማት መራጮች አልተታለሉም፤ ከ30ዎቹ 29ኙ ዲግሮምን አስቀደሙ።

ኖላን ራያን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1987 ለሂዩስተን አስትሮስ ሲጫወት 2.76 አማካዩ ከናሽናል ሊግ ሁሉ የተሻለ ነበር፤ 270 ስትራይክአውቱም እንዲሁ። መቺዎቹ ግን አልደረሱለትም፤ 8 ድል፣ 16 ሽንፈት ተጻፈበት። ሽልማቱ 40 ሴቭ ለነበረው ለፊላደልፊያው ስቲቭ ቤድሮዢያን ተሰጠ።

ሴቭን ካነሳን ደግሞ ሌላው የሆድ ቁስላችን እሱ ነው። በ1969 በይፋ መቆጠር የጀመረው ይህ ቁጥር ጨዋታ ዘግቶ ለሚወጣ ወርዋሪ ይሰጣል። ሦስት ነጥብ እየመሩ ገብቶ አንድ ኢኒንግ መጨረስ ይበቃል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንግ ከወረወረ ደግሞ የነጥብ ልዩነቱ አይጠየቅም። በነሐሴ 2007 እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ውስጥ ቴክሳስ ሬንጀርስ ኦሪዮልስን 30 ለ 3 አሸነፈ። ዌስ ሊትልተን የገባው ቡድኑ 14 ለ 3 እየመራ ሳለ ነው፤ ሴቭ፣ ማለትም “ማዳን”፣ ተመዘገበለት። ከምን አዳነ? ሰውየው ሥራውን ሠርቷል፣ ጥፋቱ የአቆጣጠሩ ነው።

ይህስ ወረቀት ላይ ቀረ እንበል። የሚያመኝ ግን ቁጥሩ አሠልጣኞችን ማዘዝ መጀመሩ ነው። በ2016 የኦሪዮልሱ ዛክ ብሪተን 47 ጊዜ ለሴቭ ገብቶ 47ቱንም አሳክቷል፤ አማካዩ 0.54 ነበር። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቶሮንቶ ሄደው በአንድ ጨዋታ የሚለይለትን ማጣሪያ ሲጫወቱ 2 ለ 2 ሆነው ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ ገቡ። አሠልጣኙ ባክ ሾዋልተር ሌሎችን አንድ በአንድ ሲያስገባ ብሪተን ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠበቅ መሪነት ገና ስላልተገኘ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። በ11ኛው ኢኒንግ ኡባልዶ ሂሜኔዝ ገባ፤ ኤድዊን ኢንካርናሲዮን የሦስት ነጥብ ሆምራን መታበት። 5 ለ 2፣ አለቀ። የዓመቱን ምርጥ ክንድ ይዘው አንድ ኳስ ሳያስወረውሩት የውድድር ዘመናቸው ተዘጋ። የባልቲሞር ሰዎች እስከ ዛሬ ይቆጫሉ፤ እኔም አብሬ እቆጫለሁ።

መቺዎቹም ጋ ያው ነው። በ1990 የሳን ዲየጎው ጆ ካርተር 115 ነጥብ አስገባ ተብሎ ተወደሰ፤ የመምታት አማካዩ ግን .232 ብቻ ነበር። ከፊቱ እነ ቶኒ ግዊን ቤዝ ላይ ደርሰው ባይጠብቁት ማንን ያስገባ ነበር? የሰው ወርቅ አያደምቅ።

የቀድሞዎቹ ቆጣሪዎች በነበራቸው መሣሪያ ሠርተዋል፤ በእነሱ አልፈርድም። ዛሬ ግን የእያንዳንዱ ኳስ ፍጥነትና አቅጣጫ በካሜራ እየተለካ ነው። እባካችሁ፣ ጨዋታ የምታስተላልፉ ሰዎች፣ የወርዋሪውን ስም ስትጠሩ ስንት ስትራይክአውት እንዳለው፣ ስንቱን በነጻ ቤዝ እንዳሳለፈ፣ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት አስቀድሙልን። ድሉን ለቡድኑ ጻፉት።